በራችን ላይ ላሉት ሊሊዎች
(በቦስተን አካባቢ ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ ለምእመናን የቀረበ ንግግር)

ክቡራን አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፤ ከቅዳሴ በኋላ ደክሟችሁ ሳለ ልታዳምጡኝ ስለተቀመጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

የምናገረው በቤተ ክርስቲያናችን በር ግራና ቀኝ ስላሉት የሊሊ አበቦችና ስለሚያጠፋቸው ቀይ ጢንዚዛ ነው። አመጣጣቸውን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ፋሲካችን ከፈረንጆቹ ፋሲካ ዘግይቶ በሚውልባቸው ዓመታት እናቶቻችን ዋጋቸው የረከሰውን ነጫጭ ሊሊዎች ከየሱቁ እየገዙ ለበዓሉ ያመጣሉ። በዓሉ ሲያልፍ መጣሉ ያሳዝናቸውና ግቢው ውስጥ ይተክሏቸዋል። ሽንኩርት የሚመስለው ሥራቸው በደረቅ ቅጠል ከተሸፈነ የበረዶውን ወራት አፈር ውስጥ አሳልፎ በጸደይ ይበቅላል። ከእነዚህ ውስጥ ሦስቱን እናቴ ባረፈች ዓመት የተከልኳቸው እኔ ነኝ። አገር ቤት ሄጄ ልቀብራት አልቻልኩም ነበር። መቃብሯ ላይ የማኖረውን አበባ እዚህ በር ላይ ተከልኩት።

በሁለተኛው ዓመት ሰኔ ላይ አንድ እሑድ ስመጣ ግንዱ ብቻ ቆሞ አገኘሁት። ቅጠሉ ተበልቷል፤ እምቡጡ ተቦርቡሯል። የቀረው ቅጠል ላይ ደግሞ ጥቁር ቡኒ፣ የሚያጣብቅ እበት የመሰለ ነገር ተለጥፏል። በሽታ መስሎኝ በውሃ አጠብኩት። እበቱ ሥር ትል ነበረ።

ያ ትል የቀዩ የሊሊ ጢንዚዛ እጭ ነው። የራሱን ኩስ ጀርባው ላይ ተሸክሞ ስለሚዞር ወፍም ሰውም ይጸየፈዋል፤ መከላከያው ይኸው ነው። ወላጁ ግን ሲያዩት የሚያምር ነው። ጀርባው እንደ ደረቀ በርበሬ ደማቅ ቀይ፣ እግሩ፣ አንቴናውና ሆዱ ጥቁር፣ ርዝመቱ ከ6 እስከ 9 ሚሊሜትር። በጣት ሲይዙት ቀጭን የሲጥሲጥታ ድምፅ ያሰማል። ልጆች ሲያገኙት እንደ ጌጥ መዳፋቸው ላይ ያስቀምጡታል። አይናከስም፣ ሰው አይጎዳም። ጥላቻው በተለይ ከሊሊ ጋር ነው።

ይህ ነፍሳት የዚህ አገር ተወላጅ አይደለም። ከአውሮፓና ከእስያ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ካናዳ ውስጥ ሞንትሪያል ላይ ታየ። አሜሪካ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1992 እዚሁ ጎረቤታችን ካምብሪጅ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ኒው ኢንግላንድን በሙሉ አዳርሶ እስከ ዊስኮንሲንና ዋሽንግተን ስቴት ደርሷል። እኛ የምንኖረው እንግዲህ መጀመሪያ በተገኘበት ሰፈር ነው።

አሁን ልብ ብላችሁ እንድትሰሙኝ የምፈልገው ስለ አኗኗሩ ነው፤ ይህን ያወቀ ሰው ብዙ መድኃኒት አያስፈልገውም። ትልልቆቹ ጢንዚዛዎች የብርዱን ወራት አፈርና የወደቀ ቅጠል ሥር ተደብቀው ይከርማሉ። በረዶው ቀልጦ የሊሊው ቡቃያ ብቅ ሲል እነሱም ይወጣሉ። እንስቷ ከቅጠሉ በታች በኩል ብርቱካንማ ቀይ እንቁላሎቿን በተርታ ትደረድራለች፤ በአንድ ወቅት ከ250 እስከ 450 እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ በአንድ ሳምንት ገደማ ይፈለፈላል። እጩ ከ16 እስከ 24 ቀን ሳያቋርጥ ይበላል፤ ጥፋቱን በአብዛኛው የሚያደርሰው እሱ ነው። ከዚያ አፈር ውስጥ ገብቶ ራሱን ይጠቀልልና ሦስት ሳምንት ባልሞላ ወይም በሞላ ጊዜ ውስጥ ቀይ ጢንዚዛ ሆኖ ይወጣል። እስከ መጸው ይበላና ተመልሶ ይደበቃል።

ስለዚህ በሚያዝያ መጨረሻ አንዲት እንስት የለቀመ ሰው በሰኔ ሦስትና አራት መቶ ትል ከመልቀም ድኗል ማለት ነው። እኔ ከሰኔ ጀመርኩና አበባዬን አጣሁ።

አለቃቀሙም የራሱ መላ አለው። ጢንዚዛው ጥላ ሲያርፍበት ወይም ቅጠሉ ሲነቃነቅ እግሩን ሰብስቦ ይወድቃል፤ አፈር ላይ ሲያርፍ በጀርባው ተገልብጦ ጥቁር ሆዱን ወደ ላይ ስለሚያደርግ ከአፈሩ ለይቶ ማየት አይቻልም። ስንቱ እንዲህ አመለጠኝ! ስለዚህ መጀመሪያ አፉ ሰፊ የሆነ ጠርሙስ እስከ ግማሽ ውሃ ሙሉና ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨምሩበት። ጠርሙሱን ከጢንዚዛው ሥር ያዙ፤ ከዚያ በሌላው እጃችሁ ከላይ በኩል ነካ አድርጉት። ራሱ ይገባላችኋል። ማለዳ ብርድ ሳለ ስለሚፈዝ ይበልጥ ይቀላል። ከዚያ እያንዳንዱን ቅጠል ገልብጡ። እንቁላሉን በጣት ጨፍልቁት፣ ትሉን ደግሞ በጓንት ወይም በእርጥብ ወረቀት ጠርጋችሁ ጠርሙሱ ውስጥ ክተቱት። ለአንድ ተክል ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ግን ሳምንት ከዘለላችሁ እንቁላል የነበረው ትል ሆኖ ይጠብቃችኋል።

ትሎቹ ገና ትንንሽ ከሆኑ የኒም ዘይት ይረዳል። ድሬዳዋ ያደጋችሁ የኒምን ዛፍ ጥላ ታውቁታላችሁ፤ ከዚያ ዛፍ ፍሬ የሚወጣ ዘይት ነው። ንቦች ወደ ቀፏቸው ከገቡ በኋላ፣ አመሻሽ ላይ፣ በየ5 እስከ 7 ቀኑ ከቅጠሉ በታችም በላይም ይረጫል። ያደጉ ትሎችንና ትልልቆቹን ጢንዚዛዎች ግን እምብዛም አይገድልም።

ስለ ጠንካራው መርዝ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በዚያ ክፉ ዓመት ተናድጄ ኢሚዳክሎፕሪድ የሚባል ነፍሳት ገዳይ መርዝ ያለበት መድኃኒት ገዝቼ በውሃ በጥብጬ ሥሩ ላይ አፈሰስኩ። ያኔ ከመደርደሪያ አንስቶ መግዛት ይቻል ነበር። መርዙ ከሥር ወደ ቅጠል፣ ከቅጠል ወደ አበባው ወለላ እንደሚሄድ ያወቅሁት በኋላ ነው። ጢንዚዛውን የሚገድለው ያው መርዝ ንቧንም ያገኛታል። በማሳቹሴትስ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2022 ጀምሮ ይህን የመሰሉ መርዞችን ፈቃድ ካለው ባለሙያ በቀር ማንም ደጅ ላይ እንዳይጠቀም ተከልክሏል። ደግሞም ከሊሊዎቹ አጠገብ ምን እንዳለ አስቡ። እናቶቻችን ያጸደቁት ጤና አዳም አለ፣ በሶብላ አለ፣ አጥሩ ላይ ጌሾ አለ። አንድ አፈር ነው፣ ሥራቸውም ተቆላልፏል። የጤና አዳሙን ቅርንጫፍ ቡና ስኒያችን ውስጥ እየነከርን መርዝ አፈሩ ላይ ማፍሰስ አይቻልም። በጋራዥ ውስጥ የቀረ ዕቃ ካላችሁ እባካችሁ አታምጡት።

ሌላ ረዳት አለን። የሮድ አይላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጢንዚዛው አውሮፓ ውስጥ ለምን እንደዚህ አገር እንደማያጠፋ መረመሩ። እዚያ ጠላት አለው። ከትንኝ የማትበልጥ ጥቁር ተርብ፣ ሰው የማትነድፍ፣ እንቁላሏን ትሉ አካል ውስጥ ትጥላለች። ትሉ አፈር ውስጥ ሲገባ የተርቧ ልጆች ከውስጥ ይበሉታል፤ በሚቀጥለው ዓመት ከዚያ ቦታ የሚወጣው ጢንዚዛ ሳይሆን ተርብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ከፈረንሳይ የመጡትን እዚሁ ማሳቹሴትስ፣ ዌልስሊ ላይ ለቀቋቸው፤ ተላምደውም ተባዙ። እኛ ግቢ ይድረሱ አይድረሱ በዓይን አይለይም። ቢደርሱ ግን የብርዱን ወራት የሚያሳልፉት ሊሊው ሥር ባለው አፈር ውስጥ ነው። ግቢውን ለማጽዳት የምትተጉ ወንድሞች፣ በመጸውና በጸደይ እዚያ ሥር አፈሩን አትቆፍሩት፣ አታገላብጡት። አረሙን በእጅ ንቀሉት።

አንዳንዶቻችሁ ቤታችሁ ያለውን ዴይሊሊ አሳይታችሁኝ ነበር፤ እሱ በስም ነው እንጂ ሊሊ አይደለም፣ ጢንዚዛው አይነካውም። አዲስ መትከል የምትፈልጉ ደግሞ ከቻይና የመጣው የሄንሪ ሊሊና ብላክ ቢዩቲ የሚባለው ከሌሎቹ ይልቅ ይቋቋማሉ። ድመት ያላችሁ ግን ሊሊንም ሆነ ዴይሊሊን ቤት አታስገቡ። ብናኙ እንኳ የድመትን ኩላሊት ያጠፋል።

የመጨረሻው ከልምዳችን ጋር የተያያዘ ነው። እኛ ያለንን ተክል ከፍለን እንሰጣለን፤ ጤና አዳሙም ቢሆን በዚሁ መንገድ ነው ከቤት ቤት የተዳረሰው። ባለፈው ዓመት ሜሪላንድ ያለች እህቴ የእናታችንን ሊሊ ከፍዬ እንድልክላት ለመነችኝ። ከነአፈሩ ቆፍሬ በመኪና ልወስድላት ነበር። አፈሩ ውስጥ ጢንዚዛ እንደሚኖር ሳስብ ተውኩት። በመጸው፣ ቅጠሉ ከደረቀ በኋላ ሥሩን ብቻ አውጥቼ አፈሩ እስኪለቅ በውሃ አጥቤ፣ በቅርፊቱ መካከል ሁሉ አይቼ ላክሁላት። እናንተም ስትሰጡ እንዲሁ አድርጉ።

ትናንት በር ላይ ያሉትን ቆጠርኳቸው። 19 ቡቃያ ወጥቷል፤ አራት ቀይ ጢንዚዛም ለቅሜአለሁ። ለኪዳን በማለዳ የምትመጡ በየተራ እንድታዩልኝ ወረቀት አዘጋጅቻለሁ፤ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ደግሞ እሑድ እሑድ ቅጠሉን ይገለብጡልናል። ጠርሙሶቹ መውጫው ላይ ካለው ጠረጴዛ ላይ ናቸው። የእናቴ ሦስቱ ከደረጃው በስተቀኝ ያሉት ናቸው፤ ከእነሱ ብትጀምሩልኝ ደስ ይለኛል።