ሰሜን ዋልታ ጎረቤት የነበረው ባቡር

እንዴት ናችሁ ቤተሰብ! ዛሬ ጃኬት ደርቡ፤ ስቫልባርድ ነው የምንሄደው። የኖርዌይ ደሴቶች ናቸው። ከደሴቶቹ ትልቁ ስፒትስበርገን ላይ ኒ-ኦልሱንድ የምትባል መንደር አለች። በዓመት አራት ወር ገደማ ፀሐይ አትወጣባትም። እና ባቡር ነበራት። አዎ፣ ባቡር!

ኪንግስ ቤይ የተባለው የድንጋይ ከሰል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1916 ተቋቋመ። በ1917 ሐዲዱ ሥራ ጀመረ። ከማዕድኑ እስከ ወደቡ፣ በቃ። በሁለቱ ብረቶች መሃል ያለው ስፋት 90 ሴንቲ ሜትር። የለገሀሩ የድሮ ሐዲድ እንኳ አንድ ሜትር ነበር።

"ለምን ጠበበ?" ባጃጅ አስቡ። አውቶብስ ብዙ ሰው ይጭናል፣ እሺ። ግን እስቲ ውስጥ ለውስጥ መንደር አስገቡት! አጥር ይፍረስልኝ ነው የሚለው። ባጃጅ ግን ሹልክ ብሎ ገብቶ፣ እጥፍ ብሎ፣ በራችሁ ላይ ጣል ያደርጋችኋል። (ሂሳቡን ሲጠራ አትደንግጡ እንጂ።) ጠባብ ሐዲድም ባጃጅ ነው። ጠባብ ኩርባ ይታጠፋል፣ የሚደለደለው መሬት ያንሳል፣ ብረቱም እንጨቱም ይቀላል። እዚያ ደሴት ላይ ደግሞ ዛፍ የሚባል ነገር የለም። ከሐዲዱ ስር የሚነጠፈው እንጨት ሳይቀር በመርከብ ነው የሚመጣው።

አሁን ወደ እናንተ። አሙንድሰን የሚባል ኖርዌያዊ የዋልታ አሳሽ ነበር። ስንቶቻችሁ ናችሁ "አሙንድሰን ሰሜን ዋልታ የሄደው በዚህ ባቡር ነው" ያላችሁኝ? ኧረ በስማም! ዋልታው 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ መሃል ያለው ባሕርና በረዶ ነው። ሐዲዱን ምን ላይ ሊያነጥፉት? ሰውዬው ከዚህች መንደር መነሳቱ እውነት ነው። ግንቦት 11 ቀን 1926 (በፈረንጆቹ) ከጣሊያናዊው አብራሪ ኖቢሌና ከአሜሪካዊው አሳሽ ኤልስዎርዝ ጋር፣ "ኖርጌ" በተባለች በጋዝ በምትንሳፈፍ የአየር መርከብ። በማግስቱ ከዋልታው በላይ አለፉ፣ ከዚያ አላስካ ወረዱ። መርከቧ የታሰረችበት የብረት ምሰሶ ዛሬም አለ። ባቡሩ ከሰሉን እየጫነ እዚያው ቀረ!

ቀሪው ባጭሩ፦ ማዕድኑ በ1929 ቆመ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ተከፈተ፣ ባቡሩ በ1958 ጡረታ ወጣ። በ1962 የማዕድን ፍንዳታ 21 ሰው ገደለ፤ መዘዙ በ1963 የኖርዌይን መንግሥት ከሥልጣን አወረደ። መንደሯ ዛሬ የተመራማሪዎች ናት፤ ቦርሲግ የተባለው ፋብሪካ በርሊን ላይ የሠራው ሎኮሞቲቭ ከነፉርጎዎቹ ለፎቶ ቆሟል።

ከሰል እንዴት መንግሥት ይጥላል? እሱን በሚቀጥለው። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ፣ ኧረ በናታችሁ!