ጣፋጩ ጠርሙስ፦ ከአዳማ በረንዳ የተቀዳ ክርክር

ሕይወት፦ እንደምን አመሻችሁ። ዛሬም ከአዳማ ነን፤ ጋሽ ተፈራ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠናል። ሙቀቱ ገና አልበረደም። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ጠርሙስ ሮም የሚባል የሸንኮራ አረቄ፣ አራት ብርጭቆ፣ አንድ ጆግ ውኃና ጋሼ ከጓዳ ያወጧት ትንሽ ሚዛን አለች። ባለፈው ሳምንት በአንደኛው ጠርሙስ ምክንያት ሳንግባባ ተለያይተናል። እኔ ከአሥር ዘጠኝ ሰጥቼዋለሁ። እርስዎስ?

ጋሽ ተፈራ፦ አምስት። ዛሬም አምስት ነው።

ሕይወት፦ ስሙን አንጠራም። ከውጭ የመጣ ነው፤ ፊቱ ላይ ዕድሜ የሚመስል ትልቅ ቁጥር ታትሞበታል። ለምን እንደወደድኩት ልናገር። አፍንጫ ላይ ሲቀርብ መጀመሪያ ቴምርና ዘቢብ ይሸታል፤ ቀጥሎ የተቆላ ቡና ይመጣል። አፍ ውስጥ ሲገባ ደግሞ አያቃጥልም። እኔ ሆቴል ውስጥ ከባንኮኒ ጀርባ አሥራ አንድ ዓመት ቆሜያለሁ። ሮም ጉሮሮ ይፍቃል ብሎ ብርጭቆውን የሚመልስ እንግዳ ይህንን ሲቀምስ ፊቱ ሲፈታ አይቻለሁ። ለእኔ ጥራት ማለት ይህ ነው።

ጋሽ ተፈራ፦ ሽታውን አልካድኩም፤ የጠረጠርኩት ከንፈር ላይ የሚቀረውን ነው። እኔ የወንጂ ልጅ ነኝ። የሸንኮራ ማሳ ሲቃጠል ጥቁሩ ብናኝ እናቴ ያሰጣችው ልብስ ላይ ሲወርድ እያየሁ ነው ያደግሁት። የወንጂ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1954 በሆላንዶቹ ኩባንያ በኤች ቪ ኤ ሲጀመር አባቴ እዚያ ነበር፤ እኔም ዕድሜዬን የጨረስኩት በስኳር ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ሞላሰስ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ከሸንኮራው ጭማቂ ስኳሩ ደጋግሞ ከወጣ በኋላ፣ ከዚህ በላይ አልረጋም ብሎ የሚቀረው ጥቁር ዝልግልግ ነው። ሮም አብዛኛውን ጊዜ የሚጠነሰሰው ከእሱ ነው። ታዲያ ሰው ከዚያ ተነሥቶ ሮም ከስኳር ስለሚሠራ ይጣፍጣል ይላል። ስሕተት ነው! እርሾው ስኳሩን ይበላዋል። ሳይበላ የተረፈውም ጥንስሱ ሲፈላ እማሰሮው ውስጥ ይቀራል እንጂ ከእንፋሎቱ ጋር አይወጣም። አረቄ የሚያወጡ እናቶችን ጠይቂ፤ ዳግም አረቄ ጣፍጦ ያውቃል?

ሕይወት፦ አያውቅም። ሮሙ ለዓመታት የሚቆይበት በርሜል ግን አለ፣ ጋሼ። የአሜሪካ ሕግ ቦርቦን የተባለው ውስኪያቸው ውስጡ በእሳት በተለበለበ አዲስ የኦክ እንጨት ዕቃ እንዲቀመጥ ያስገድዳል። ያገለገለው በርሜል ለቦርቦን ዳግመኛ ስለማይሆን ከፊሉ ወደ ካሪቢያን ሮም ቤቶች ይሸጣል። የቫኒላው ሽታ ከዚያ እንጨት የሚወጣ ነው። ጣፋጭነቱም ከዚያው ቢመጣስ?

ጋሽ ተፈራ፦ የቫኒላ ሽታ ሰውን ጣፋጭ የቀመሰ ያስመስለዋል፤ ይህን እቀበላለሁ። ከንፈር ግን አያጣብቅም። ስለዚህ ለካሁት።

ሕይወት፦ እንዴት እንደለኩት በዝርዝር ይንገሩን፤ አድማጮቻችንም ሊሞክሩት ይችላሉ።

ጋሽ ተፈራ፦ የአልኮል መለኪያ ተንሳፋፊ አለኝ። አልኮል ከውኃ ይቀላል፤ ስለዚህ አልኮሉ በበዛ ቁጥር ተንሳፋፊው ይሰምጣል። ስኳር ደግሞ ፈሳሹን ያከብደዋልና ተንሳፋፊውን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ መለኪያው አልኮሉን ካለው አሳንሶ ያነባል ማለት ነው። መሣሪያው የተሠራው ለ20 ዲግሪ ሙቀት ስለሆነ የአዳማ አየር ያሳስተዋል። እኔም ሮሙን በቀዝቃዛ ውኃ ዘፍዝፌ 20 ላይ ካደረስኩት በኋላ ነው የለካሁት። መጀመሪያ ሁለተኛውን ጠርሙስ፣ የጃማይካውን ሮም አፕልተን 12ን አየሁ። መለያው አልኮሉ 43 ዲግሪ፣ ማለትም ከመቶ 43 እጅ ነው ይላል፤ መለኪያውም 43 አጠገብ ቆመ። የአንቺ ጠርሙስ መለያ 40 ይላል። መለኪያው 35 አለ።

ሕይወት፦ አምስት ዲግሪ የት ሄደ?

ጋሽ ተፈራ፦ የትም አልሄደም፤ ስኳሩ ሸፈነው። የአንድ ዲግሪ ልዩነት በሊትር ወደ 4 ግራም ስኳር ያመለክታል፤ አምስቱ ወደ 20 ግራም ነው። ላረጋግጥ ብዬ 100 ሚሊ ሊትር ወስጄ፣ ነበልባል ሳላስጠጋ በፈላ ውኃ ላይ አተነንኩት። ሳህኑ ላይ 2 ግራም ገደማ የሚያጣብቅ ነገር ቀረ። ሁለቱ መንገዶች ተስማሙ።

ሕይወት፦ ክልክል ነው ግን? የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ደንብ ሮም በሊትር እስከ 20 ግራም ማጣፈጫ እንዲኖረው ፈቅዷል። ይህም ድንበሩ ላይ ነው እንጂ ከሕግ አልወጣም።

ጋሽ ተፈራ፦ ሕግ ጣሰ አላልኩም፤ ሳይነግረኝ አጣፈጠው ነው ያልኩት። ጠጅ ቤት ገብተሽ የማር ጠጅ ብለሽ ስታዢ ስኳር ተበጥብጦ ቢቀዳልሽ፣ ስለጣፈጠሽ ብቻ ዝም ትያለሽ?

ሕይወት፦ ዝም አልልም። እናቴ ጠጅ ትጥል ነበር፤ ስኳር የገባበትን ከሽታው ትለየው ነበር። ይህ ነገር ልቤ ውስጥ ገባ፣ ጋሼ። ነገር ግን የቀማሚውንም ድካም አንርሳ። የጓቲማላውን ዛካፓ 23 ውሰዱ። ያንን ሮም የቀመመችው ሎሬና ቫስኬዝ የምትባል ሴት ናት፤ በዚህ ሙያ ስሟ የተከበረ ነው። በርሜሎቹ የሚያርፉት 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ እንደ አዲስ አበባ ያለ ብርድ ማለት ነው። በሶሌራ ስልት አሮጌውን ከአዲሱ ጋር እያገናኙ ከበርሜል ወደ በርሜል ያሸጋግሩታል። ቅይጡም ከ6 እስከ 23 ዓመት የቆየ ሮም እንዳለበት አምራቹ ራሱ ይናገራል። ይህ ትልቅ ሙያ ነው።

ጋሽ ተፈራ፦ ሙያ ነው፤ አልነፍግም። ከ6 እስከ 23 ብለው መናገራቸውም ያስመሰግናል። ክርክሬ እንግዳው ከመደርደሪያው ሥር ቆሞ ቁጥሩን ብቻ ሲያይ ምን ይረዳል የሚለው ነው። በጃማይካ ሕግ 12 ከተጻፈ በቅይጡ ውስጥ ያለው ታናሹ ሮም 12 ዓመት ሞልቶታል ማለት ነው። በሶሌራ ግን ቁጥሩ የታላቁን ዕድሜ ሊያሳይ ይችላል። ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስልሽ። ከበርሜል በየዓመቱ የሚተነው የመላእክት ድርሻ ይባላል። በስኮትላንድ ብርድ 2 በመቶ ገደማ ነው፤ በካሪቢያን ሙቀት ግን 6 በመቶና ከዚያም በላይ ይሆናል። በ6 በመቶ አስቢው። 100 ሊትር ብታስቀምጪ በ12 ዓመት 48 ሊትር እንኳ አይሞላም። በ23 ዓመት 24 ሊትር ነው የሚተርፍሽ። ሙቀት ውስጥ ይህን ሁሉ ዓመት የጠበቀ ሰው ከአራት እጅ ከሦስቱ በላይ ሮሙን አጥቶ ነው የጠበቀው። የዕድሜ ቁጥር ስናይ ይህ ኪሳራ ይታየናል፤ ስለዚህም ቁጥሩ መከበር አለበት።

ሕይወት፦ እንግዲህ ሚዛኗ ለምን እንደወጣች ልጠይቅ።

ጋሽ ተፈራ፦ አንቺ እንድትፈርጂ ነው። ከአፕልተኑ 50 ሚሊ ሊትር ቀድቻለሁ፤ 1 ግራም ስኳር መዝኜ አሟሟሁበት። በሊትር 20 ግራም ማለት ነው። ይህን፣ ስኳር ያልገባበትንና የአንቺን ጎን ለጎን ቅመሺ። ውኃ ተጎንጪ በመካከሉ።

ሕይወት፦ ... ያልተነካው ደረቅ ነው። የብርቱካን ልጣጭ፣ ቀረፋ፣ በመጨረሻ እንጨቱ ትንሽ ይመራል። አሁን ስኳር የገባበት ... ጋሼ፣ ምሬቱ የለም! ብርቱካኑም ርቋል። ያ ለስላሳነት፣ ፊት ይፈታል ያልኩት፣ እዚህ ውስጥ አለ። አንድ ግራም ስኳር ነው ያመጣው። ይህን እውነት መዋጥ ከብዶኛል፤ ለስንት እንግዳ የዕድሜ ውጤት ነው ብዬ ነግሬያለሁ።

ጋሽ ተፈራ፦ አላወቅሽም ነበር፤ አልዋሸሽም።

ሕይወት፦ ግን ይቆዩ። የእኔን ደግሜ ስቀምስ ዘቢቡና ቡናው አሁንም አለ፤ ስኳር በገባበት አፕልተን ውስጥ ግን የለም። ስኳር ይህን ሊሰጥ አይችልም። የበርሜሉና የቀማሚው ነው። ዘጠኙን ወደ ሰባት አወርደዋለሁ፤ ከሰባት በታች ግን አልወርድም።

ጋሽ ተፈራ፦ እስቲ ስጪኝ። ... ቡናው እውነት ነው። ከጣፋጩ ሥር ተደብቆ ነበር፤ ባለፈው ስለተናደድኩ አልፌዋለሁ። ስድስት።

ሕይወት፦ ከነገ ጀምሮ የመጠጥ ዝርዝራችን ላይ ከስሙ ጎን "ጣፋጭ" ብዬ እጽፍበታለሁ። ዕድሜውን የሚጠይቀኝ ካለም ቁጥሩ ምን እንደሆነ አስረዳለሁ። አሁን ብርጭቆዎቹን ልጠባቸው?

ጋሽ ተፈራ፦ አትጠቢ። ጨልጠን እንዲሁ እንተዋቸው፤ ሳህን ክደኚባቸው። አልኮሉ ከበነነ በኋላ ብርጭቆው ላይ የሚያድረው የእንጨቱ ሽታ ነው፤ ስኳር ሽታ የለውም። ጠዋት ከቡና በፊት ነይና የትኛው የበለጠ እንደሚሸት አብረን እናያለን።

ሕይወት፦ በአንድ ሰዓት እመጣለሁ። የታዘብነውን በሚቀጥለው ሳምንት እንነግራችኋለን። ደኅና እደሩ።