ዳገቱ የወሰደውን ጉልበት ማርሚታ አይመልስም፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅና ከወልድያ የደወላችሁልን ጥያቄዎች ዞረው ዞረው ጭስ ማውጫ ላይ አረፉ። በስልክ ጊዜ ያጠራቸውን መልሶች እዚህ ሞልተን ጽፈናቸዋል።

ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ፦ 1.6 ኮሮላ አለኝ። ከኮምቦልቻ ተነሥቼ የሐረጎን ዳገት ስወጣ ይደክምብኛል። የፋብሪካውን ማርሚታ (ድምፅ ማፈኛ) አውጥቼ ከማኒፎልዱ፣ ጭሱን ከሲሊንደሮቹ ከሚሰበስበው፣ እስከ ኋላ በ2 ኢንች ተኩል ቱቦ ላሠራው ነው። ጉልበት ይጨምርልኛል?

ወንድማችን፣ በ2 ኢንች ተኩል አታሠራው። ድምፁ ያድጋል፤ ሐረጎ ላይ ግን ከአሁኑም ሊብስበት ይችላል።

መጀመሪያ ጉልበቱ የት እንደገባ እንይ። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደሴ ወደ 2,500 ትጠጋለች። በደሴ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛው ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር በዚያው ልክ ይሳሳል፤ ስለዚህ 110 ፈረስ ጉልበት ተብሎ የተሸጠ መኪና ደሴ ላይ 85 ቢያወጣ ነው። ጉድለቱ የገባው በአየር መሳቢያው በኩል ነውና መውጫውን በማስፋት አይሞላም።

የቱቦው ልክ በሒሳብ ይገኛል። ለአንድ ፈረስ ጉልበት 12 ካሬ ሚሊ ሜትር የቱቦ ውስጥ ስፋት ያዝ። ለ110 ፈረስ ጉልበት 1,320 ይመጣል። ውጩ 45 ሚሊ፣ ውፍረቱ 1.5 ሚሊ የሆነ ቱቦ ውስጡ 42 ሚሊ ነው፤ ስፋቱም 1,385 ካሬ ሚሊ። የአንተ ልክ እሱ ነው። 51 ሚሊው፣ ማለትም ባለ 2 ኢንቹ፣ እስከ 150 ፈረስ ጉልበት ይችላል። አንተ ያሰብከው 63 ሚሊ ደግሞ 230 ለሚያወጣ ሞተር ነው። ስሌቱን በደሴው 85 ሳይሆን በፋብሪካው ቁጥር የሠራነው መኪናው ወደ ባቲና ከሚሴ ቆላም ስለሚወርድ ነው።

ሰፊ ቱቦ ለምን ይጎዳል? ጭስ ከሲሊንደር የሚወጣው እየተቆራረጠ ነው። አንዱ ግፊት ሲያልፍ ከኋላው መሳብ ይተዋል፤ ያ መሳብ ቀጣዩን ጭስ ይጎትታል። ቱቦው ያለ ልክ ሲሰፋ ጭሱ ይዘገያል፣ ይቀዘቅዛል፣ ጉተታውም ይላላል። ይህ የሚታወቀው ከ2,000 እስከ 3,000 ዙር ባለው ነው፤ ሐረጎን በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ የምትገፋውም እዚያው ላይ ነው። ‹‹ሞተር ባክ ፕሬሸር (ጭሱን መልሶ የሚገፋ ግፊት) ይወዳል›› የሚለው የጋራዥ ወሬ የመጣው ከዚህ ነው። ሞተር ባክ ፕሬሸርን አይወድም፤ የሚወደው የጭሱን ፍጥነት ነው።

ስለዚህ ከመቁረጥህ በፊት አስለካ። የፊተኛውን ኦክስጅን ሴንሰር ፈትቶ በቀዳዳው ዝቅተኛ ግፊት የሚያነብ ጌጅ መግጠም ነው፤ ጥርሱ ብዙ ጊዜ 18 በ1.5 ሚሊ ነው። ሞተሩ ሞቆ ባለበት ሲዞር ከ10 ኪሎ ፓስካል፣ በ2,500 ዙር ሲያዝ ከ20 መብለጥ የለበትም። ከበለጠ አንድ ነገር ተደፍኗል፤ ብዙ ጊዜ ካንዴላ እየሳተ ያቀለጠው ካታሊስት፣ ማለትም የጭስ ማጣሪያው፣ ነው፣ አለዚያም ከማርሚታው ውስጥ ተነቅሎ የወደቀ ላሜራ ነው። የተደፈነውን ብቻ መቀየር ያን ጊዜ ከሙሉ አዲስ ሥራ የበለጠ ለውጥ ያመጣል። ጌጅ ከሌለ የቫኪዩም ሰዓት ይረዳል፦ በ2,500 ዙር ተይዞ ሳለ መርፌው ቀስ እያለ ከወረደ መውጫው ተዘግቷል። መካኒኩ ግን የመጽሐፉን ቁጥር አይከተል። በባሕር ወለል ባለበት ሲዞር ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ የሚያነበው ሰዓት ደሴ ላይ ከ10 እስከ 13 ቢያሳይ ጤነኛ ነው። ይህን ባለማወቅ ደህና ሞተር የሚከፈትበት ጊዜ አለ።

ጌጁ ደህና ነው ካለ ገንዘብህን አየር ማጣሪያው፣ ካንዴላውና ፍሪሲዮኑ ላይ አውለው። የግድ ጭስ ማውጫ ላይ ልሥራ ካልክ ደግሞ ከኋላው ይልቅ ማኒፎልዱ ላይ ሥራ፤ የጉተታው አብዛኛው ጥቅም እዚያው ይገኛል። የእሳቱ ተራ፣ ማለትም ሲሊንደሮቹ የሚተኩሱበት ቅደም ተከተል፣ 1-3-4-2 ስለሆነ አራቱ ቱቦዎች መጀመሪያ 1 ከ4፣ 2 ከ3 ተጣምረው ሁለት ይሁኑ፣ ከዚያ አንድ። 1 ከ2 የተጣመረበት ማኒፎልድ ያምራል እንጂ አይሠራም።

ከኮምቦልቻ፣ የብየዳ ባለሙያ፦ ደንበኞች በልክ የተሠራ ጭስ ማውጫ ይጠይቁኛል። ምን ዓይነት ቱቦ ልያዝ? የውሃ ጋልቫናይዝድ ይሆናል?

ጋልቫናይዝዱን ተወው። ዚንኩ ሲበየድ የሚያወጣው ነጭ ጭስ ማታ ብርድ ብርድ የሚያሰኝ ትኩሳት ያመጣብሃል፤ ስፌቱም አረፋ ይይዛል። ክብደቱም ያለ ጥቅም ነው።

ለተራ ሥራ 1.5 ሚሊ ውፍረት ያለው ጥቁር ብረት ቱቦ ይበቃል። ረጅም ዕድሜ ለሚፈልግ 304 ስቴንለስ ነው። ስቴንለሱን ስትይዝ ግን አትርሳ፦ ሲሞቅ ከጥቁሩ ብረት አብልጦ ይለጠጣል። 3 ሜትር ቱቦ በ300 ዲግሪ ሲሞቅ ጥቁሩ 11 ሚሊ ያህል፣ ስቴንለሱ ወደ 16 ሚሊ ይረዝማል። ከሻንሲው ጋር በብረት የያዝከው እንደሆነ ይህ ርዝመት መሄጃ ያጣና ስፌቱን ወይም ማኒፎልዱን ይሰነጥቃል። መስቀያዎቹ በሙሉ ጎማ ይሁኑ።

ለአንድ ኮሮላ የሚያስፈልገው ሦስት ሜትር ተኩል ያህል ቱቦ፣ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ርዝመት ያለው አንድ ፍሌክሲብል፣ መካከለኛና የኋላ ማርሚታ፣ ውፍረታቸው ከ8 እስከ 10 ሚሊ የሆነ ሁለት ጥንድ ፍላንጆች (ቱቦን ከቱቦ በቡሎን የሚያያይዙ ሰሌዳዎች)፣ አራት ወይም አምስት የጎማ መስቀያ ነው። ፍላንጁ ከ8 ሚሊ ከሳሳ በብየዳው ሙቀት ይጣመማል፤ ጓርኒሲዮን ብትደርብበትም ይተነፍሳል። ፍሌክሲብሉ ሞተሩ አጠገብ፣ ሳይታጠፍና ሳይወጠር ቀጥ ብሎ ይግባ። የሞተሩን መወዝወዝ እንዲውጥ የገባውን ለአሠራር ጉድለት ማካካሻ የሚያደርጉ ብዙ ናቸው፤ እንዲህ የገባ በጥቂት ወራት ይተረተራል።

ማጠፊያህ ቱቦውን የሚጨፈልቅ ከሆነ ውስጡ 42 የነበረው መታጠፊያው ላይ 35 ሊደርስ ይችላል፤ የለፋህበት ስሌት እዚያ ላይ ሞተ ማለት ነው። በአሸዋ ሞልቶ በእሳት ማጠፍ አሁንም ጥሩ ነው፣ አሸዋው ግን በምጣድ ተቆልቶ የደረቀ ይሁን። እርጥብ አሸዋ በእሳት ላይ እንፋሎት ሆኖ መድፈኛውን እንደ ጥይት ይተኩሰዋል። አለዚያ ቁርጥራጩን በትንሽ በትንሽ ማዕዘን ቀጥሎ መበየድ ነው።

መኪናው ሻንሲው በመደገፊያ እግር ተይዞ ሲነሣ የኋላ ጎማው ተንጠልጥሏልና በዚያ ሁኔታ ቱቦ አትለካ። ክብደቱ ጎማው ላይ ሲያርፍ አክሰሉ ወደ ላይ ይመጣና ቱቦውን ይመታዋል። ክብደቱን ከአክሰሉ ሥር በክሪክ አስይዘህ ለካ፤ ከአክሰሉ፣ ከፍሬን ቱቦና ከነዳጅ መስመር ቢያንስ 25 ሚሊ ራቅ፤ የማይቻልበት ቦታ ላይ የሙቀት ላሜራ አስገባ። በየመገናኛው ሦስት ነጥብ ብቻ በይደህ ሙሉውን ስቀለው፣ አናውጠው፣ ከዚያ አውርደህ ጨርስ። በ1.5 ሚሊ ግድግዳ ላይ 2 ሚሊ ኤሌክትሮድ ከ40 እስከ 60 አምፔር ይሠራል። ስቴንለስን ከጥቁር ብረት ለማገናኘት 309 ኤል ኤሌክትሮድ ተጠቀም። መኪናው ላይ መበየድ ግድ ከሆነ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍታ፣ የብየዳውን መሬት መያዣ ከስፌቱ አጠገብ እሰር፣ ኦክስጅን ሴንሰሩን አውጣ።

ሴንሰሩን ስትመልስ ጫፉ ወደ ታች እንዲያይ ከቱቦው ላይኛ ግማሽ በሰዓት 10 እና 2 መካከል ይቀመጥ። ከጎን ወይም ከሥር ከገባ የጭሱ ውሃ ይሰነጥቀዋል። ከሴንሰሩ በፊት ያለ ትንሽ ቀዳዳ ከውጭ አየር ይስባል። ሴንሰሩ ኦክስጅን በዛ ብሎ ያነባል፣ ኮምፒውተሩ ቤንዚን ይጨምራል፣ ባለመኪናው ‹‹አዲሱ ማርሚታ ነዳጅ በላ›› ብሎ ይመለስብሃል።

ከወልድያ፦ ሃይሉክስ 2.5 ዲ4ዲ ናፍታ ነው። ለእኔም ቱቦ ማስፋት አይጠቅምም?

ላንተ ይለያል። ቱርቦ ያለው ናፍታ ከቱርቦው በኋላ ያለው መንገድ በሰፋ ቁጥር ደስ ይለዋል። ከቱርቦው መውጫ ጀምሮ እስከ ኋላ 63 ሚሊ ይበቃል። 76 ካደረግኸው ለዚህ ሞተር ትርፉ ጥቂት፣ ድምፁ ብዙ ነው። ቱርቦው ቶሎ ይነሣል እንጂ ተአምር አትጠብቅ። ግፊቱን በቺፕ ለመጨመር ካሰብክ ግን ቆም በል፦ ደጋ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦው ያንኑ ግፊት ለማምጣት በፊቱንም ከቆላው ፈጥኖ ይሽከረከራል። ወደ ጋሸና ዳገት ስትጭንበት ከልኩ ያልፋል።

ከደሴ፣ የአይሱዙ ሾፌር፦ የጭስ ፍሬኑን ቢራቢሮ አውጥተው ቀጥ ያለ ቱቦ እናድርግልህ አሉኝ፤ ላድርገው?

አታድርገው። ቢራቢሮው ሲከፈት የሚከለክለው ጭስ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ስትጭን ሐረጎን ቁልቁል የሚይዝልህ እሱ ነው፤ እሱ ከወጣ ሸክሙ ሁሉ የጎማው ፍሬን ላይ ይወድቃል፣ ፍሬኑም ግሎ ይከዳሃል።

ከሐይቅ፣ አንድ አባት፦ ለልጄ ቪትዝ ማርሚታ ባሠራለት ዓመት ሳይሞላው በሰበሰ። አሁን ደግሞ ውስጥ ጭስ ይሸተናል።

አባባ፣ አንድ ሊትር ቤንዚን ሲነድ ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ ያወጣል። መኪናው ጠዋት በብርድ ተነሥቶ ሁለት ኪሎ ሜትር ሄዶ ከቆመ ማርሚታው ሳይግል ውሃው ውስጡ ይቀራል፤ ከጭሱ አሲድ ጋር ሆኖ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላዋል። በአዲሱ ማርሚታ ሆድ፣ ዝቅ ባለው በኩል፣ 3 ሚሊ ቀዳዳ ያስበሱለት። በሳምንት አንድ ቀንም ግማሽ ሰዓት ረዘም ያለ መንገድ ይነዳ።

ሽታውን ግን ለነገ አያሳድሩት። ካርቦን ሞኖክሳይድ ራሱ አይሸትም፤ የሚሸተው አብሮት ያለው ነው፣ በብርድ መስኮት ዘግቶ ለሚነዳ ደግሞ ነፍስ ያጠፋል። መካኒኩ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ከኋላው ጫፍ በአየር መንፊያ እየነፋ መገናኛዎቹን በሳሙና ውሃ ይቀባ፤ አረፋ የሠራበት ቦታ ቀዳዳው ነው። የቱቦው ጫፍ ከመከላከያው ውጭ መውጣቱንም ይዩ፤ ከመኪናው ሥር የቀረ ጫፍ ጭሱን በኋላ በር ስንጥቅ ያስገባዋል። እስኪሠራ ድረስ መስኮት ተከፍቶ ወደ ጋራዥ ብቻ ይነዳ።

ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ፦ አሠራሁት፣ ድምፁን ወድጄዋለሁ፤ 3,000 ዙር ላይ ግን ጆሮ ይበጥሳል። ምን ላድርግ?

አብሽር፣ ማርሚታ መጨመር ሳያስፈልግ ይድናል። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በአንድ ዙር ሁለቴ ይተኩሳል፤ 3,000 ዙር ላይ በሴኮንድ 100 ምት ማለት ነው። ከዋናው ቱቦ ጎን ጫፉ የተደፈነ ቅርንጫፍ ቱቦ ብታስበይድ ድምፁ እዚያ ገብቶ ተገልብጦ ይመለስና ራሱን ያጠፋል። ርዝመቱ ድምፁ በዚያ ሙቀት በሴኮንድ የሚሄደው ለ100 ምት፣ ከዚያ ለ4 ሲካፈል ነው። ቅርንጫፉ ጭስ ስለማያልፍበት ከዋናው ቀዝቀዝ ይላልና ድምፁ በውስጡ 410 ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ 1 ሜትር ከ2 ሳንቲ ይመጣል። ስፋቱ ከዋናው ቱቦ ጋር እኩል ይሁን፣ ቢታጠፍ ግድ የለም። 1 ሜትር ከ10 አድርገህ ጫፉን በፋሸታ በሚጠብቅ ክዳን ዝጋውና ንዳው። ጩኸቱ ከ3,000 በታች ላይ ከጠፋ ረዝሟል፤ 2 ሳንቲ እየቆረጥክ ሞክር፣ ልኩ ሲገኝ ክዳኑን በይደው።