ሜሪላንድ ፈቅዳለች፣ ኢሚግሬሽን ግን አልፈቀደም

[በስክሪኑ ላይ፦ የሜሪላንድ ካርታ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ተከብቦ]

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ሜሪላንድ ውስጥ ካናቢስ (ማሪዋና) የሚሸጥ ሱቅ፣ ማለትም ዲስፔንሰሪ፣ ስትገቡ በሩ ላይ የምትጠየቁት መታወቂያ ነው። 21 ዓመት ከሞላችሁ ትገባላችሁ። ዜጋ ሁኑ፣ ግሪን ካርድ ይኑራችሁ ወይም የአሳይለም (የጥገኝነት) ጉዳያችሁ ገና በእንጥልጥል ላይ ይሁን፣ ማንም አይጠይቃችሁም። ብዙ ወገኖቻችን የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው። ሱቁ አልጠየቀኝም፣ ፖሊስም አልያዘኝም፣ ስለዚህ ማንም አይጠይቀኝም ብለው ያስባሉ። የሚጠይቅ አለ። በዚህ ቪዲዮ የምንነጋገረው ስለ እሱ ነው።

መጀመሪያ የሜሪላንድን ሕግ እንይ። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለሕክምና የሚሆን ካናቢስ የሚሸጡ ሱቆች የተከፈቱት በ2017 መጨረሻ ነው። ጽኑ ሕመም የማይለቀው፣ የሚጥል በሽታ ያለበት ወይም የከባድ ማቅለሽለሽ ችግር ያለበት ሰው ፈቃድ ካለው ሐኪም ማረጋገጫ ወስዶ በግዛቱ የካናቢስ አስተዳደር መሥሪያ ቤት ይመዘገብና ይገዛል። ኖቬምበር 2022 ላይ ደግሞ ካናቢስ ከሕክምና ውጭም ይፈቀድ የሚለው ጉዳይ ለሕዝብ ድምፅ ቀረበ፤ ከሦስት መራጮች ሁለቱ ያህል ደገፉት። ከጁላይ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ማንኛውም 21 ዓመት የሞላው ሰው ያለ ሐኪም ወረቀት መግዛት ይችላል።

[በስክሪኑ ላይ፦ 1.5 አውንስ = 42.5 ግራም ገደማ]

መያዝ የሚቻለው እስከ አንድ ተኩል አውንስ ነው፣ 42 ግራም ተኩል ገደማ። ከዚያ አልፎ እስከ 2.5 አውንስ ከሆነ እስከ 250 ዶላር ቅጣት አለው፤ ከ2.5 አውንስ በላይ ግን ወንጀል ነው። ከሰው ዓይን በተከለለ ቦታ አንድ ቤተሰብ ሁለት ተክል ማሳደግ ይፈቀድለታል። የተመዘገበ ታካሚ እስከ አራት ያሳድጋል፤ ሲገዛም ሌላው የሚከፍለውን የሽያጭ ታክስ አይከፍልም። መንገድ ላይና መናፈሻ ውስጥ ማጨስ ያስቀጣል። መኪና ውስጥም ሹፌሩም ተሳፋሪውም ማጨስ አይችሉም። ፖሊስ ግን የካናቢስ ሽታ ሸተተኝ ብሎ ብቻ መኪናችሁን አስቁሞ ሊፈትሽ አይችልም፤ ይህም በ2023 የተደነገገ ነው። በትንሽ ነገር ይታሰሩ ለነበሩ ወጣቶች ትልቅ እፎይታ ነው፤ እኔም ከልቤ እደግፈዋለሁ።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ የሜሪላንድ ቃል ነው። ኢሚግሬሽን ግን የፌደራል መንግሥት ጉዳይ ነው፤ በፌደራል ሕግ ካናቢስ ከ1970 ጀምሮ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ዕፆች ዝርዝር ውስጥ አለ። በ2024 ወደ ቀለለ እርከን ይውረድ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ግን ልብ በሉ፣ ቢወርድም ከዝርዝሩ አይወጣም፣ የኢሚግሬሽን ሕግ ደግሞ የሚያየው ዝርዝሩን በሙሉ ነው።

ትርጉሙን በተግባር እንየው። ዜጋ ያልሆነ ሰው ሳይከሰስ፣ ፍርድ ቤት ሳይቆም፣ ለአንድ የኢሚግሬሽን ኦፊሰር "አዎ፣ ማሪዋና አጭሻለሁ" ብሎ ቢያምን፣ ያ ቃል ብቻውን ግሪን ካርድ ሊያስከለክለው ወይም ድንበር ላይ ሊያስቆመው ይችላል። "ሜሪላንድ ውስጥ እኮ ነው፣ ሕጋዊ ነው" ማለት አያድነውም። የሐኪም ማረጋገጫም አያድነውም። ለግሪን ካርድ በሚደረገው የጤና ምርመራ ላይም ስለ ዕፅ ይጠየቃል፤ ሐኪሙ የሚሞላው ቅጽ የሚሄደው ለኢሚግሬሽን ነው።

ግሪን ካርድ ያላችሁስ? ሕጉ አንዲት ጠባብ ቀዳዳ ትቶላችኋል። 30 ግራም ወይም ከዚያ ያነሰ ማሪዋና ለራሱ መጠቀሚያ ይዞ አንድ ጊዜ ብቻ የተፈረደበት ሰው በዚያ ምክንያት ከአገር አይባረርም። እንግዲህ አስተያዩት፦ ሜሪላንድ የምትፈቅደው 42 ግራም ተኩል፣ ቀዳዳዋ የምታሳልፈው 30። በዚያ ላይ ቀዳዳዋ የምትጠቅመው እዚሁ ለተቀመጠ ሰው ነው። ለፋሲካ አዲስ አበባ ሄዶ በዱለስ አየር ማረፊያ ሲመለስ እንደ አዲስ ገቢ ሊታይ ይችላል፤ ያን ጊዜ ቀዳዳዋ አትሠራለትም።

[በስክሪኑ ላይ፦ "ሥራውስ?"]

ለእኔ ከሁሉም የሚከብደው የሥራው ጉዳይ ነው። ዲስፔንሰሪዎች ሠራተኛ ይፈልጋሉ፦ ካሸር፣ ጥበቃ፣ አሸጊ። አንዲት እህት እንዲህ ያለ ሥራ አግኝታ፣ በየሳምንቱ ቼኳን እየተቀበለች፣ ታክሷን በትክክል እየከፈለች አምስት ዓመት ሞልቷት ለሲቲዝንሺፕ ታመለክት ይሆናል። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ኤፕሪል 2019 ባወጣው መመሪያ መሠረት በካናቢስ ንግድ መሥራት፣ ግዛቱ ቢፈቅድም፣ አመልካቹ መልካም ሥነ ምግባር የለውም ለማለት ምክንያት ሊሆን ይችላል። ታክስ የከፈለችበት ወረቀት ራሱ ማስረጃ ይሆንባታል። በሐቅ ለሠራ ሰው ይህ በደል ነው። ግዛቱ ሱቆቹን ሲፈቅድ ለስደተኛው ይህን ጮክ ብሎ ሊነግረው ይገባ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሲዲኤል፣ ማለትም የንግድ መኪና መንጃ ፈቃድ፣ ያላችሁ የትራክና የአውቶቡስ ሹፌሮችም የምትመረመሩት በፌደራል ሕግ ነው። ዜጋ ብትሆኑም፣ የሜሪላንድ የታካሚ ካርድ ብታሳዩም፣ ምርመራው ካናቢስ ካገኘ እንደወደቃችሁ ይቆጠራል።

ቦታም ይለያል። የባልቲሞር ዋሽንግተን ፓርክዌይ ትልቅ ክፍል፣ የዲሲው ሮክ ክሪክ ፓርክና ናሽናል ሞል የፌደራል መሬት ናቸው። ከሲልቨር ስፕሪንግ ገዝቶ ወደ ዲሲ ወይም ወደ ቨርጂንያ መሻገርም በፌደራል ሕግ ክልክል ነው። ወደ አገር ቤት የምትሄዱ ደግሞ ሻንጣችሁን ደግማችሁ ፈትሹ፤ ካናቢስ ያለበት ከረሜላ ለልጆች የተገዛውን ይመስላል፣ አዲስ አበባ ላይ ይዞ መገኘት ወንጀል ነው።

ጁን 2024 ላይ ገዥው ዌስ ሙር ከ175,000 በላይ የማሪዋና ፍርዶችን በይቅርታ ሰርዘዋል። ሥራና ቤት ለሚፈልግ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ለኢሚግሬሽን ግን የገዥ ይቅርታ በዕፅ ጉዳይ የተፈረደን ፍርድ አይሽርም፤ ከመዝገብ መሰረዙም በአብዛኛው እንደዚያው ነው። ስለዚህ "ተሰርዞልኛል" ብላችሁ በቅጹ ላይ "የለም" ብላችሁ እንዳትሞሉ። መዋሸት ራሱን የቻለ ሌላ ጥፋት ነው፣ አንዳንዴም ከዋናው የባሰ።

[በስክሪኑ ላይ፦ ከማመልከታችሁ በፊት]

ካናቢስ ተጠቅማችሁ የምታውቁ፣ በዚያ ንግድ የሠራችሁ ወይም የቆየ ክስ ያለባችሁ ከሆነ፣ ቅጽ ከመሙላታችሁም ከአገር ከመውጣታችሁም በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አነጋግሩ። ቅጽ የሚሞላላችሁ ወዳጅ ወይም አስተርጓሚ ጠበቃ አይደለም። ኦፊሰር ፊት ስለ ዕፅ ስትጠየቁ ሳትዋሹ "ይህን ከጠበቃዬ ጋር ሳልነጋገር አልመልስም" ማለት ትችላላችሁ። የቆየ ክስ ያለባችሁ ደግሞ መዝገቡ ከመሰረዙ በፊት ፍርድ ቤት ሄዳችሁ በማኅተም የተረጋገጠ ቅጂ አውጡ፤ ኢሚግሬሽን ከዓመታት በኋላ ሊጠይቃችሁ ይችላል፣ ያን ጊዜ ከፍርድ ቤቱ ማግኘት ከባድ ይሆናል።