ሚዛኑ የት ነው?

እንደምን አረፈዳችሁ?

የሙያ ባልደረቦቼ፣ ከመሐል ሜዳ፣ ከዓለም ከተማ፣ ከሸዋሮቢት፣ ከአረርቲ ሌሊት ተነስታችሁ የመጣችሁ እህት ወንድሞቼ፣ ከአስራት ወልደየስ ካምፓስ የመጣችሁ ተማሪዎች፣ እንኳን ለነርሶች ቀን አደረሳችሁ። የቆላ ልጆች የደብረ ብርሃን ብርድ ከብዷችኋል መሰለኝ። እጃችሁን ጋቢ ውስጥ አድርጋችሁ ስሙኝ፤ ጭብጨባው ይቆይ።

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርዕስ «የልብ ድካም ሕሙማን የነርስ ምዘናና እንክብካቤ» ይላል። ሳነበው ዓይኔ አንዲት ቃል ላይ ቀረ። ምዘና። ቃሉ ከሚዛን ጋር ሥሩ አንድ ነው። እኔም ዛሬ የመጣሁት ስለ ሚዛን ላወራ ነው። ሌላውን እግረ መንገዴን እነካካዋለሁ።

በ1996 ዓ.ም. ክረምት ነው። ሥራ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት አልሞላኝም። ሆስፒታሉን አልጠራውም። ከመንዝ አንዲት ሴት ይዘው መጡ። ከቤቷ እስከ መኪና መንገድ በቃሬዛ፣ ከዚያ በመዘዞ፣ በጣርማበር አድርገው በአይሱዙ ጋቢና። 32 ዓመቷ ነው። 4 ልጆች አሏት። ልጅ ሳለች በግ ስትጠብቅ አንዴ ጉልበቷ፣ አንዴ ቁርጭምጭሚቷ እየተፈራረቀ ያብጥባት እንደነበር እናቷ ነገሩን። «ቁርጥማት ነው ብለን ቅቤ አሸናት» አሉ። እናንተ ገብቷችኋል። በልጅነቷ ጉሮሮዋን ሲያማት ፔኒሲሊን አላገኘችም። ሕመሙ መገጣጠሚያዋን ነካክቶ አለፈ፤ የልብ በሯን ግን አበላሽቶት ሄደ።

በትምህርት ቤት የሸመደድኩትን ጥያቄ ጠየቅኳት። «ስትተኚ ስንት ትራስ ትጠቀሚያለሽ?»

«አንድ» አለችኝ።

እኔም ቻርቱ ላይ ጋደም ስትል ትንፋሽ አያጥራትም ብዬ ጻፍኩ።

ማታ ባሏ ኮሪደሩ ላይ አገኘኝ። «እህቴ፣ እሷ እኮ ከጥምቀት ወዲህ ጀርባዋ መደብ ነክቶ አያውቅም። የገብስ ጆንያ ተደግፋ ቁጭ ብላ ነው የምታድረው» አለኝ። እሷ አልዋሸችም። ቤቷ ያለው ትራስ አንድ ነው። ጥያቄዬ ነው ከእሷ ቤት ጋር ያልተዋወቀው።

ልቧ ሲደክም በሰውነቷ የተጠራቀመውን ውኃ በሽንት የሚያስወጣውን ላዚክስ በደም ስር ጀመርንላት። ሽንቷ መጣ። ፊቷ ቀለል አለ። በ6ኛው ቀን የእግሯን አጥንት በአውራ ጣቴ ተጫንኩ። ጉድጓድ አልተወም። እብጠቱ ጠፍቷል ብዬ ራውንድ ላይ ተናገርኩ። ሐኪሙ ቃሌን አምኖ መውጫ ጻፈላት። አልጋም ጠቦን ነበር።

እብጠቱ ግን አልጠፋም። 6 ቀን ሙሉ እግሯን ዘርግታ አልጋ ላይ ቁጭ ብላለች። ውኃ ደግሞ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ነው የሚሄደው። ወደ ወገቧ፣ ወደ መቀመጫዋ ወርዷል። አዙሬ ጀርባዋን አላየሁም። ስትገባ አልመዘንኳትም። ስትወጣ አልመዘንኳትም። ያ ውኃ 1 ሊትሩ 1 ኪሎ ነው። ከእግር ወደ ወገብ ቢሸሽ ከሚዛን ማምለጫ የለውም።

በ11ኛው ቀን ባሏ ለሌላ ጉዳይ ከተማ መጥቶ ወደ ዋርዱ ብቅ አለ። ብቻውን ነው። በላስቲክ የተቋጠሩ እንክብሎች አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። «ሳትውጣቸው የቀሩት ናቸው። ለሌላ ችግረኛ ይሁኑ» አለኝ። ሌላ ነገር አልጨመረም። ቁጣ እንኳን አልነበረበትም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር ብዬ እስከዛሬ አስባለሁ።

አሁን አንድ ነገር ስሙኝ። ያኔ ሚዛን አጥተን አይደለም። ሚዛን ነበር! ንብረት ክፍል፣ ካርቶኑ ሳይከፈት ተቀምጧል። ለዋርዱ እንዲሰጠን ስንጠይቅ ሞዴል 22 የሚባለውን የንብረት ወጪ ቅጽ የሚፈርመው ሰው ስብሰባ ላይ ነው ተባልን። ሌላ ቀን ስንሄድ «ቢሰበር ማን ይጠየቃል?» ተባልን። ሚዛኑ ቢሰበር የሚጠየቅ ሰው ተፈለገ። ሴትዮዋ ስትሞትስ? ማን ተጠየቀ? ማንም!

ያ የድሮ ነው እንዳትሉኝ። ከእናንተ መካከል ስንቱ ነው የዋርዱ ሚዛን የት እንዳለ የሚያውቅ? እጃችሁን አውጡ አልልም፤ አላሳፍራችሁም። ዛሬ ጠዋት ወደዚህ ስመጣ መናኸሪያው አጠገብ አንድ ልጅ አየሁ። 10 ዓመት ቢሆነው ነው። ከፊቱ የወለል ሚዛን አስቀምጦ «ይመዘኑ፣ ይመዘኑ» ይላል። ሰው ወጥቶበት በወረደ ቁጥር በእጅጌው ይወለውለዋል። ተመዝኜ ከፈልኩት። ሊስትሮው፣ ሎተሪ አዟሪው በሚውልበት አስፋልት ላይ የሚገኝ ዕቃ የልብ ሕሙማን ከተኙበት ክፍል እንዴት ይጠፋል? ሕፃን ልጅ በፀሐይና በብርድ ተቀምጦ የሚሠራውን እኛ ዲፕሎማና ዲግሪ ይዘን እንዴት ያቅተናል?

የንብረት ክፍሉን ወቅሼ የራሳችንን ብተው ደግሞ እውነት አይሆንም። የዋርድ ቻርት ገልብጡ። የ1ኛው አልጋ ትንፋሽ በደቂቃ 20። የ2ኛው 20። የ8ኛው 20። ትናንት 20፣ ዛሬ 20። ቁጭ ብሎ አፉን ከፍቶ የሚያለከልክ ሰው አልጋ ላይ 20 ተብሎ ተጽፎ በዓይኔ አይቻለሁ። እኔም ጽፌዋለሁ። ሺፍት ሲጣበብ፣ አንድ ነርስ ለ30 ሰው ስትሆን ከላይኛው መስመር መገልበጥ ይቀላል። ድካሙን አውቀዋለሁ። ግን 20 ብለን በጻፍን ቁጥር ቀጥሎ የሚመጣው ሐኪም ያንን አምኖ ነው የሚወስነው። 1 ደቂቃ ነው። ሰዓታችሁን አይታችሁ ደረቱን ቁጠሩ።

በየዓመቱ በዚህ ቀን ሻማ እናበራለን። ፍሎረንስ ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. በ1820 የተወለደችው በዛሬዋ ቀን ነውና። በክራይሚያ ጦርነት ጊዜ ማታ ማታ ፋኖስ ይዛ ቁስለኛ ትጠይቅ ነበር፤ ያንን ሁላችንም እናውቃለን። ግን መንግሥቷን ያስደነገጠችው በፋኖሱ አይደለም። የሞተውን በምን እንደሞተ እየመዘገበች፣ እየቆጠረች፣ ወታደሩን ከጥይት ይልቅ በሽታ እንደጨረሰው በቁጥር አሳይታ ነው። እኛ ሻማውን ወረስን። ቁጥሩን ጣልነው!

አሁን ማጨብጨብ ትችላላችሁ፤ ግን ነገ ከመዘናችሁ ነው።

ጥያቄዎቻችንን ከሰዉ የቤት ኑሮ እንቅዳ። ስለ ትራስ አትጠይቁ። «ተኝተሽ ነው ወይስ ተደግፈሽ የምታድሪው?» በሉ። «ሌሊት ትንፋሽ አጥሮሽ ባንነሽ በር ከፍተሽ ትወጫለሽ?» በሉ። «ኮንጎ ጫማሽ እንደ በፊቱ ይገባል?» መቀነቷን ጠይቁ፤ ዞሮ ዞሮ ይተርፍ የነበረው መቀነት አጥሮ ከሆነ ሆዷ ውኃ ይዟል። ጀርባውን አንሱና አንገቱን እዩ፣ ደም ስሩ ተገትሯል? አልጋ ላይ የዋለውን ሰው አዙሩና ወገቡን ተጫኑ። እኔ ያልተጫንኩትን።

እንዲህ ሲደረግ ምን እንደሚመጣ ደግሞ አይቻለሁ። ከሰላ ድንጋይ በኩል የሚመጡ አንድ አባት አሉ። ግፊት ለብዙ ዓመት ልባቸውን አድክሞታል። ሲወጡ «አባቴ፣ በየቀኑ ጠዋት ይመዘኑ» አልኳቸው። «ልጄ፣ ሚዛን ከየት አመጣለሁ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ትንሽ አሰቡና «ወፍጮ ቤቱ ባስኩላ አለው» አሉ። ወፍጮ ቤቱ ከደጃቸው ነው። እህል በሚመዘንበት ባስኩላ ላይ በየጠዋቱ ይወጡ ጀመር። የልጅ ልጃቸው በደብተሩ የኋላ ገጽ ይጽፍላቸዋል። ባስኩላው ልክ ላይሆን ይችላል ያላችሁኝ አላችሁ። ግማሽ ኪሎ ቢዋሽ በየቀኑ ያንኑ ግማሽ ኪሎ ነው የሚዋሸው። እኛ የምንፈልገው ለውጡን ነው።

አንድ ሰኞ በእግራቸው እየተራመዱ መጡ። ደብተሩን ዘረጉልኝ። 54፣ 54፣ ቀጥሎ 55፣ ቀጥሎ 57። «በ3 ቀን ውስጥ 2 ኪሎ ከጨመረ ይምጡ ነበር ያልሽኝ፣ ይኸው» አሉ። እግራቸው ገና አላበጠም። ትንፋሻቸውም ደህና ነው። ውኃው ግን እየመጣ ነበር። መድኃኒታቸው ተስተካክሎ በ2ኛው ቀን ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ኦክስጅን የለ፣ ቃሬዛ የለ። ወፍጮ ቤት ያዳናቸው ሰው ናቸው።

ስለ እንክብካቤው አጠር ላድርገው። ጨው ቀንሱ ስንል «ወጥ ላይ አልጨምርም» ይሉናል። በርበሬውና ሽሮው ግን ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል። ስለዚህ ወጥ ከመሥራት ሳይሆን በርበሬ ከማስፈጨት ጀምራችሁ ተነጋገሩ፤ ለቤተሰቡም ለብቻው እንዲያዘጋጁለት ንገሩ። የዓለም ጤና ድርጅት ለጤነኛ ሰው እንኳን በቀን ከ5 ግራም በታች ነው የሚለው፤ አንዲት የሻይ ማንኪያ አትሞላም።

ፀበል አትከልክሉ። ጻድቃኔ ማርያም ሄዶ የተፈወሰ ዘመድ ያለውን ሰው «ፀበል ተው» ብትሉት ከዚያ በኋላ አይሰማችሁም። ግን በጆግ በጆግ መጠጣት ለደከመ ልብ ጎርፍ ነው። ጠበሉንም የቀኑ ውኃ ውስጥ ቁጠሩላቸው። በጾም ደግሞ መድኃኒት እስከ 9 ሰዓት የሚያቆይ አለ፤ ላዚክስ በዚያ ሰዓት ተውጦ ማታውን ለሽንት ያመላልሰዋል። የንስሐ አባቱን አነጋግሩ። እኔ ካነጋገርኳቸው መካከል መድኃኒት አትውሰድ ያሉ አባት አላጋጠሙኝም።

የልብ ምት የሚቀንሰውን ዲጎክሲን ከመስጠታችሁ በፊት ስቴቶስኮፑን ልቡ ላይ አድርጋችሁ 1 ደቂቃ ሙሉ ቁጠሩ። ከ60 በታች ከሆነ አትስጡ፣ ለሐኪሙ ንገሩ። ለወገብ ሕመም ከፋርማሲ ዲክሎፌናክ የሚባለውን ማስታገሻ እየገዙ እንደሆነ ጠይቁ፤ ውኃ ያስቀራል። እንደዚያች ሴት ከጉሮሮ ሕመም ተነስቶ ልብ የሚጎዳው ሩማቲክ የያዛቸውን ልጆች የፔኒሲሊን መርፌ ቀን አታሳልፉ፤ በየ28 ቀኑ ከተባለ በ28ኛው ቀን ነው።

ለአለቆቻችን አንድ ጥያቄ አለኝ፤ እዚህ ስላላችሁ ፊት ለፊት ነው የምጠይቀው። ካርቶኑን ክፈቱልን። የሚጠየቅ ሰው ከፈለጋችሁ ሞዴል 22ቱ ላይ የእኔን ስም ጻፉ። ከተሰበረ ከደሞዜ ቁረጡ።

ተማሪዎች፣ ነገ ከእኔ ጋር የተመደባችሁ 6 ናችሁ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ኑ። ሽንታቸውን ከሸኑ በኋላ፣ ቁርስ ሳይቀምሱ ነው የምንመዝናቸው። ጋቢያቸውን ተቀበሏቸው፣ ጋቢ ብቻውን ኪሎ ያሳስታል። ተመዝነው ሲወርዱ ግን ቶሎ አልብሷቸው። በዚያ ሰዓት ዋርዱ ይበርዳል።