ከልብ ባይፓስ በኋላ ድቤው እንዳይዛባ

[ምስል፦ ደሴ በማለዳ፣ ጦሳ ተራራ ከላይ። የድቤ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል።]

አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ።

ወሎ ያደገ ሰው የመንዙማ ድቤ ጆሮው ውስጥ አለ። ድቤ መቺው ይመራል፣ ጭብጨባው ይከተላል። እስቲ አሥር ሰው በየፊናው ድቤ ሲደልቅ አስቡት። ማን ማንን ይከተል?

ልብም የራሱ ድቤ መቺ አለው። ከባይፓስ ቀዶ ሕክምና፣ ማለትም ለተዘጋ የልብ ደም ሥር ደም የሚያልፍበት ሌላ መንገድ ከሚሠራበት ኦፕራሲዮን በኋላ ግን አንዳንዴ የላይኞቹ የልብ ክፍሎች እሱን መስማት ትተው ዝም ብለው ይርገበገባሉ። ሐኪሞች ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ይሉታል። ባይፓስ ከተሠራላቸው 10 ሰዎች ሁለት ሦስቱን ያገኛል። ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው።

አጎቴን በ3ኛው ቀን ያዛቸው። 71 ዓመታቸው ነው። አልጋው ላይ ቁጭ ብለው አጥሚት ይጠጡ ነበር። ኩባያውን አስቀመጡና እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «ወፍ ገባብኝ» አሉኝ። ሞኒተሩን አየሁ፤ በደቂቃ 88 የነበረው የልብ ምት 142 ሆኗል።

በኋላ ሲጠየቁ ነገሩ ወጣ። ሜቶፕሮሎል የሚባለውን የልብ ኪኒናቸውን ከኦፕራሲዮኑ ሳምንት በፊት አቁመዋል። «ለኦፕራሲዮን የሚገባ ሰው ኪኒን አይውጥም» ያላቸው ጎረቤት ነው። መቼም ለክፋት አይደለም። ጥፋቱ ሁሉ የኪኒኑ ነው አልልም፤ ዕድሜ ራሱ ትልቁ ምክንያት ነው። ግን ይህ መድኃኒት ቤታ ብሎከር ከሚባሉት ወገን ነው። የልብን ምት ያረጋጋል፣ መዛባቱን በመከላከልም ዋነኛው ነው። ድንገት ሲቋረጥ ልብ ይብሳል። ስለዚህ ሐኪሙ ራሱ ካላቆመው በስተቀር አታቁሙ! ወደ ሆስፒታል ስትሄዱ የምትወስዱትን ኪኒን ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱና ጠረጴዛው ላይ ዘርግፉት።

ስጋቱ ከፍ ላለ ሰው ሐኪሞች አሚዮዳሮን የሚባል ሌላ የልብ ምት ማስተካከያ መድኃኒት ሊጨምሩ ይችላሉ። በደም ውስጥ ያሉትን ፖታሲየምና ማግኒዚየም የሚባሉ ማዕድናትም ይከታተላሉ።

[ምስል፦ ልብን የሚሸፍነው ከረጢት፣ ከኋላው ትንሽ ቀዳዳ]

እኔን በጣም የገረመኝ ግን ይሄ ነው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ልብ ዙሪያ ደምና ፈሳሽ ይጠራቀማል፤ ልብን ይቆጠቁጠዋል። በ2021 ኒው ዮርክ ውስጥ በ420 የልብ ቀዶ ሕክምና ታካሚዎች ላይ በተሠራ ጥናት፣ ቀዶ ሐኪሞቹ ለግማሾቹ ያህል ልብን የሚሸፍነውን ከረጢት ከኋላ በኩል ትንሽ ቀደዱት። ፈሳሹ ወደ ግራ ደረት ወረደ። የምት መዛባቱ ካልተቀደደላቸው 32 በመቶውን ሲያገኝ፣ ከተቀደደላቸው ግን 17 በመቶውን ብቻ አገኘ። ለአንድ ቅዳጅ!

«አብሽር፣ ያልፋል» ማለት ብቻውን ግን አይበቃም። በአብዛኛው በሳምንታት ውስጥ ያልፋል፣ እውነት ነው። እስኪያልፍ ድረስ ግን ደም ልብ ውስጥ ሊረጋና ወደ አንጎል ሄዶ ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። ለአንዳንዱ ደም ማቅጠኛ የሚታዘዘው ለዚህ ነው። አፍ ከተጣመመ፣ እጅ ከዛለ፣ ንግግር ከተኮላተፈ ለነገ አትበሉ።

ጫትም ምትን ያፈጥናል። ዱዓው ይቀጥል፣ ጫቱ ይቅር።

[ምስል፦ ሁለት ጣት የእጅ አንጓ ላይ]

ቤት ስትገቡ በአውራ ጣት በኩል አንጓችሁን በሁለት ጣት ዳብሱ። አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሩ። ከቁጥሩ እኩል አካሄዱን አዳምጡ፤ ከተወላገደ ወደ ሐኪም ደውሉ።

አጎቴ አሁን ሱብሂ ሰግደው ይቆጥራሉ። ከዚያ ይደውሉልኛል። «ዛሬ 72፣ ድቤው ልክ ነው» ይሉኛል።