እምቢ ያለውንም ሰው እንቁጠረው

ውድ አባላትና እንግዶች፣ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም መጣችሁ።

ለአዲሶቹ አባላት ሥራችንን ባጭሩ ልንገራችሁ። አንድ ቤተሰብ ጣሪያው ላይ ሶላር ለመትከል መቼ እንደሚወስን፣ ለምንስ እንደሚተወው በኮምፒውተር አስመስለን እናያለን። የገበያ ጥናት ምሁሩ ፍራንክ ባስ እ.ኤ.አ. በ1969 ያቀረበው ሞዴል የአዲስ ዕቃ ገዢን በሁለት ይከፍላል። አንዱ በራሱ ተነሳስቶ ይገዛል፤ ሌላው ቀድመው የገዙትን አይቶ ይከተላል። ዛሬ ደግሞ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ገቢ፣ ጣሪያና ጎረቤት ሰጥተን ሞዴሉ ውስጥ እናኖረዋለን።

የጎረቤት ነገር ቀላል አይደለም። ተመራማሪዎቹ ቦሊንገርና ጊሊንግሃም እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት የካሊፎርኒያ ጥናት፣ በአንድ የፖስታ ኮድ አካባቢ ውስጥ አንድ ተጨማሪ ሶላር ሲተከል፣ እዚያው ሌላ የመተከሉ ዕድል በ0.78 መቶኛ ነጥብ ይጨምራል። ትንሽ ይመስላል። ግን እያንዳንዱ ጣሪያ ቀጣዩን እየጎተተ ይጠራቀማል።

ቀነ ገደብም ሰውን ያንቀሳቅሳል። እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ ብሪታንያ አነስተኛ የቤት ሶላር ለሚያመነጨው ለእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት የምትከፍለው 43.3 ፔንስ ወደ 21 ሊወርድ ነው ተብሎ ሲነገር፣ ሰው ከዲሴምበር 12 በፊት ለማስተከል ተሻማ። ወጪው በስንት ዓመት ይመለሳል ብሎ ብቻ የሚያሰላ ሞዴል ይህን ጥድፊያ አያየውም።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን ያልተከለው ሰው ነው። መረጃችን የተከሉትን ብቻ ነው የሚያውቀው። ተከራዩ ጣሪያው የእሱ አይደለም። አንዷ ዋጋ ከሦስት ቦታ ጠይቃ፣ ሦስቱም የተለያየ ነገር ነግረዋት ግራ ገብቷት ተወችው። ሌላው ብሩ እያለው ወረቀቱና ግርግሩ አታከተው። ሞዴሎቻችን ግን ሁሉንም «ዋጋው ተወደደባቸው» ብለው አንድ ላይ ያጉሯቸዋል። ይህን እኔም ለዓመታት አድርጌዋለሁ። ግራፉ ካለፈው መረጃ ጋር እስኪገጥም የዋጋውን ክብደት እነካካ ነበር። ገጠመልኝም። የሚቀጥለውን ዓመት ግን ሳተው። ምክንያቱን አንድ ጊዜ ከሳትን፣ በዚያ ሞዴል ላይ ቆሞ ድጎማ የሚያወጣ አካል ገንዘቡን ለማይጠቅም ነገር ያፈሳል። ለተከራይ የዋጋ ቅናሽ ምን ያደርግለታል?

ስለዚህ ልለምናችሁ። በእነዚህ ሁለት ቀናት ጥናት የሚያቀርበውን ሁሉ «እምቢ ያሉትን ጠይቃችኋል ወይ?» በሉት። ከሰዓት በኋላ የቤት ለቤት መጠይቅ የሠሩት ባልደረቦቻችን ልምዳቸውን ያካፍሉናል። እባካችሁ እዚያ አትቅሩ።

ጉባኤያችን ተከፍቷል። አመሰግናለሁ።